የይለፍ ቃል የጠፋባቸውን ከወቀሳ ነፃ ለማውጣት የወጣ የሳሎን አዋጅ ቁጥር 123456

አዋጅ! አዋጅ! ስማ፣ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በዓደን ከተማ፣ በኾርመክሰር ወረዳ፣ በአል-ዐሪሽ ሰፈር የምትኖር፣ በቤትህ አማርኛ የምታወራ፣ የኮምፒውተርህ ቁልፎች ግን ዐረብኛና እንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈባቸው፤ እንዲሁም በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ ተቀምጠህ ይኸው መከራ የሚደርስብህ ሁሉ! የቤት ኮምፒውተር የሠርግ ፎቶ፣ የልጅ የቤት ሥራና ተጀምሮ የቀረ ማመልከቻ የሚቀመጥበት ዕቃ ሆኖ ሳለ የግምጃ ቤት ዘበኛ ስለ ቆመበት፤ ዘበኛውም ሌባ እምብዛም ይዞ ሳያውቅ ባለቤቱን ግን በየጊዜው ከደጅ ስለሚመልስ፤ የተመለሰውም ባለቤት በልጆቹና በኮምፒውተር ጠጋኙ ፊት «እንዴት ይረሳል?» እየተባለ ስለሚወቀስ፤ የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል ሲያደርግ የገዛ ኮምፒውተሩ አላስገባ ስላለው ሰው ግን ትንፍሽ ስላላለ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ አንድ። የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ሰው ተበዳይ እንጂ አጥፊ አይደለም። ማንኛውም ሰው የቤት ኮምፒውተሩን ፓስወርድ በወረቀት ጽፎ የማስቀመጥ መብት አለው፤ በዚህ መብት በተጠቀመ ሰው መሳቅ ክልክል ነው። አዋጆች ብዙውን ጊዜ ምክንያታቸውን በአንድ መስመር ጨርሰው ወደ ቅጣት ይሮጣሉ። ይህኛው ቅጣት የለውምና ጊዜውን በምክንያቱ ላይ ያጠፋል።

ዓደን የዐረብ አገር ናትና ከዐረቡ ተረት ብንነሣ ባለቤቶቹ አይቀየሙንም። የዓሊ ባባ ወንድም ቃሲም ወርቅ ወደሞላው ዋሻ የገባው ቃሉን አሳምሮ ጠርቶ ነው። ውስጥ ገብቶ ሀብቱን ሲያይ ልቡ ጠፋ፤ ሊወጣ ሲል «ሰሊጥ» የምትለው ቃል ከአፉ ራቀችና ገብስን ጠራ፣ ሌላም ሌላም እህል ጠራ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም፤ ሌቦቹ ደርሰው ገደሉት። (ሁመራ ተወልዶ ቢሆን ሰሊጥ የሚጠፋው አይመስልም፤ ይህ ግን ከአዋጁ ውጭ ነው።) ተራኪው ሁሉ ቃሲምን በስግብግብነቱ ይወቅሰዋል። ይህ አዋጅ ግን የሚከሰው በሩን ነው። በሩ ለአርባ ሌቦች ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ በር ነው፤ የጨከነው በረሳው ሰው ላይ ብቻ ነው። ሌባና ባለቤት የሚለይበት ሌላ ብልሃት የሌለው ዘበኛ፣ ጥሩ ማስታወስ የሚችለውን ሌባ አስገብቶ መርሳት የሚችለውን ባለቤት ያስቀራል። በኮምፒውተርም ታሪክ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካው ኤም አይ ቲ በእነ ፈርናንዶ ኮርባቶ የተሠራው የጋራ መጠቀሚያ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የግል ፓስወርድ ሰጠ። ዓመት ሳይቆይ በ1962 አለን ሸር የሚባል ተማሪ የተመደበለት የኮምፒውተር ሰዓት አልበቃው ቢል የፓስወርዶቹ ዝርዝር የተቀመጠበትን ፋይል ማሽኑ አትሞ እንዲሰጠው አዘዘ፤ ማሽኑም ታዛዥ ነውና አትሞ ሰጠው። ፓስወርድ ገና በጨቅላነቱ የወደቀው ባለቤቱ ወረቀት ላይ ስለጻፈው ሳይሆን ማሽኑ ራሱ በወረቀት ስላወጣው ነው። ወረቀቱ የወረሰው መጥፎ ስም ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

እንግዲህ የመርሳት ምንጩ ከየት እንደመጣ ይመርመር። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ የነበረው ቢል በር ስለ ፓስወርድ አንድ መመሪያ ጻፈ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይቀላቀል፣ ቁጥር ይግባ፣ ምልክት ይጨመር፣ በየጊዜው ይለወጥ የሚለው ትእዛዝ ከመሥሪያ ቤት ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ቤት የወረደው በዚህ መመሪያ ነው። መላው ዓለም አሥራ አራት ዓመት ከታዘዘ በኋላ፣ በ2017፣ ጡረታ የወጣው ቢል በር ከጻፈው በብዙው እንደሚጸጸት ለጋዜጣ ተናገረ፤ ተቋሙም በዚያው ዓመት ምልክት የማቀላቀሉንና በየጊዜው የመለወጡን ግዴታ ከመመሪያው አነሣ። ማይክሮሶፍትም በ2019 ፓስወርድ በቀን ገደብ ጊዜው ያልፍበታል የሚለውን ምክሩን ከዊንዶውስ የጥበቃ መነሻ ደንብ ሰረዘ። ምክንያቱ ምሕረት አልነበረም። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2010 የወጣ ጥናት፣ የቀድሞ ፓስወርዱ የታወቀበትን ሰው አዲሱን ገምቶ ማግኘት ምን ያህል እንደሚቀል ለክቶ፣ 17 ከመቶ በሚሆኑት አካውንቶች ከአምስት ያነሰ ሙከራ እንደሚበቃ አሳየ። ሰው ለውጥ ሲባል መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይለውጣልና። ባለሥልጣኑ በየዘጠና ቀኑ አዲስ ቃል ጠየቀ፤ ሕዝቡ በየዘጠና ቀኑ አንድ ቁጥር ደመረ። ሌባው ይህን ያውቃል፤ የሚምታታበት ባለቤቱ ብቻ ነው፤ «አሁን ያለነው 4 ላይ ነው ወይስ 5 ላይ?» እያለ። የሰለቸው ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ሜዳ ይወርዳል፤ በ2009 ሮክዩ ከተባለ ድርጅት ባፈተለኩት 32 ሚሊዮን ፓስወርዶች ውስጥ አንደኛ የወጣው የዚህ አዋጅ ቁጥር ነበር፤ 290 ሺህ ያህል ሰው መርጦታል።

ይህ የዓለሙ ነው። በአል-ዐሪሽ የሚጨመርበት አለ። በዓደን በሰኔና በሐምሌ ሙቀት መብራት ከሚኖርበት የማይኖርበት ሰዓት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ይሞታል፣ በመጣ ቁጥር ይነሣል፣ በተነሣ ቁጥርም ባለቤቱን «ማነህ?» ይላል። መብራት በማይጠፋበት አገር በሳምንት አንዴ የሚመጣው ፈተና እዚህ በቀን ሦስቴ ይመጣል፤ ያውም ማራገቢያው ሳይነሣ፣ ላብ በግንባር ሲወርድ። ጣት በለመደው መንገድ ይሮጣል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። በስክሪኑ ታችኛው ጥግ ደግሞ፣ ማንም የማያያት፣ የቋንቋ ምልክት ተቀምጣለች። ምልክቷ ዐረብኛ ላይ ከሆነች ትክክለኛው ፓስወርድ ሁሉ ዐረብኛ ሆኖ ይገባል፤ ነጥብ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ነጥብ ነው። ማሽኑ «ፓስወርዱ ትክክል አይደለም» ይላል እንጂ «ወንድሜ፣ በዐረብኛ እየጻፍክ ነው» አይልም። ስለዚህ አንቀጽ ሁለት፦ ማንም ሰው «ረሳሁ» ብሎ ከመናዘዙ በፊት ካፕስ ሎክን ይመልከት፣ ቀጥሎ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ተጭኖ ቋንቋውን ይለውጥ፣ ቀጥሎ በሣጥኑ ዳር ያለችውን የዓይን ምስል ተጭኖ የጻፈውን በዓይኑ ይይ። ከሦስቱ በፊት የተሰጠ ኑዛዜ በግፊት እንደተሰጠ ቃል ይቆጠራል።

በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር የሚል አርበኛ ይኖራል። አይቀልም። አንደኛ፣ ፓወር ግዕዝን የመሰሉት ፕሮግራሞች የሚነሡት ከመግቢያው በኋላ ነው፤ ቁልፉ የተቀመጠው ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የኛ ፊደል ሞክሼ አለው። «ፀሐይ» በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በሃሌታው ሀ ወይም በብዙኃኑ ኀ ቢጻፍ ስድስት መልክ አለው፤ ለአንባቢ ስድስቱም ያው ፀሐይ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ስድስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። አል-ዐሪሽ ራሱ በዐይኑ ዐ ነው በአልፋው አ? አማርኛውን ወደ ላቲን ገልብጦ መጻፍም የባሰ ነው፤ የጎንደር ሁለተኛ አናባቢ ላንዱ «a» ላንዱ «e» ነው፤ በጥር የጻፈው ሰው በሚያዝያ የራሱን ልማድ አያስታውስም።

የመጠባበቂያው በርስ? እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ዊንዶውስ በማሽኑ ላይ ብቻ የተከፈተ አካውንት ይዞ ለረሳ ሰው ሦስት ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥያቄዎቹ ግን ለኛ የተሰፉ አይደሉም። የመጀመሪያ የቤት እንስሳህ ስም ማን ነበር? ይላል፤ የአበሻ ውሻ ግማሹ ቡቺ ነው፤ ጎረቤት ሳይጠየቅ ይመልሰዋል። የአክስትና የአጎት ልጆች ታላቅ ማን ነው? ይላል፤ ይህ ሽማግሌ ተቀምጦ ያልፈታው ጉዳይ ነው። ሌላ ቦታ የሚጠየቀው የእናት ከጋብቻ በፊት ስምም ምስጢር አይሆንም፤ እናቶቻችን ባገቡም ባላገቡም የሚጠሩት ባባታቸው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን በኢንተርኔት የተከፈተ አካውንት የሚጠይቀው የስልክ ማረጋገጫ ነው። አካውንቱ በአዲስ አበባ ሲከፈት የተሰጠው ቁጥር በ251 ይጀምራል፤ የማረጋገጫው ኮድ ዛሬም በታማኝነት ወደዚያ ይሄዳል፤ ሲሙ ግን ተቋርጦ፣ ወይም እህት ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። ባሕር ለተሻገረ ሰው «ኮዱን ወደ ስልክህ ልከናል» የሚለው አረፍተ ነገር ወደ ቀድሞ ቤቱ ደብዳቤ እንደመጻፍ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጠጋኙ ጋ ሄዶ «ፎርማት ይደረግ» ማስባል ነው። አንቀጽ ሦስት በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው፦ ፎርማት የሞት ፍርድ ነው፤ ለመርሳት የሞት ፍርድ አይሰጥም።

መፍትሔው ወረቀት ነው ስንል የሚነሡት ተቃውሞዎች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ሌባ ነው። ቤት ሰብሮ የገባ ሌባ ግን ወረቀት አይፈልግም፤ ኮምፒውተሩን አቅፎ ይሄዳል። ዲስኩ ካልተመሰጠረም ነቅሎ በሌላ ማሽን ላይ ያነበዋል፤ ፓስወርዱን አንድም ጊዜ ሳይነካ። ዲስኩ ከተመሰጠረ ደግሞ፣ በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ሳይጠየቅም ሊመሰጠር ይችላልና፣ አንድ ቀን 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁጥር ይጠየቃል፤ 48 አሃዝ በቃሉ የሚይዝ ሰው ካለ አዋጁ ሳይሆን ሽልማት ይገባዋል። ሌላው ሁሉ ይጻፈው። የሩቁ ሌባ፣ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ የሚገምተው፣ አል-ዐሪሽ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ እጁን አያስገባም። በሩቅ ያለው ዋናው ጠላት ሲሆን መሣሪያው ርዝመት ነው፤ በወረቀት መጻፍ የተፈቀደለት ሰው ደግሞ ረጅም ለመምረጥ አይፈራም። ዛር፣ ማለትም የመጫወቻው ዛር፣ እየተጣለ ከ7,776 ቃላት ዝርዝር አራት ቃል ቢወጣ 3,656 ትሪሊዮን ዓይነት አለ፤ አምስት ቃል ከሆነ ስምንት የተዘበራረቁ ፊደላትና ምልክቶች ከሚሰጡት በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ጀበና፣ ጎማ፣ ሐሙስ፣ ድንች፣ መሰላል። (ይህችን ራሷን የሚወስድ በአንቀጽ አንድ አይጠበቅም። ተረትና ምሳሌም አይፈቀድም፤ ድር ሲያብር ምን እንደሚያስር ሌባውም ያውቃል።) ፓስወርዱ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው በቁልፍ ሰሌዳው በላቲን እንደተመታው፣ ፊደል በፊደል ነው። ብሩስ ሽናየር የተባለው የምስጢር ጽሑፍ አዋቂ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2005 መክሮ ነበር፤ ሰው ትንሽ ወረቀት መጠበቅ ያውቅበታልና ጽፎ ከገንዘቡ ጋር ይያዝ ብሎ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአብነት ትምህርት ቤት ይመጣል፦ ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ሕዝብ ስምንት ፊደል እንዴት ያቅተዋል? ዳዊት ግን ትርጉም አለው፣ ዜማ አለው፣ በየቀኑ ይደገማል፣ ሲሳሳቱ የሚያርም መምህር አለው፤ በየዘጠና ቀኑ የሚለውጠውም ደብር የለም። ያው የአብነት ትምህርት ቤት ደግሞ ክታብን ያውቃል። ከሁሉ የበለጠው ምስጢራዊ ስም በብራና ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ኖሯል፤ ማንም «ለምን በቃልህ አትይዘውም?» አላለም። እናቶች ብር በመቀነት ቋጠሩ፣ ወርቅ በሙዳይ አስቀመጡ። ቋንቋውም ራሱ ይመሰክራል፦ ይለፍ ማለት ቀድሞ በኬላ ላይ የሚታይ ወረቀት ነበር። እኛ ወረቀቱን ወደ ቃል የለወጥነው ትናንት ነው፤ ወደ ቦታው መመለስ ደግሞ አዲስ ነገር አይባልም። በጣት አሻራ ይሁን የሚሉም አሉ፤ ይሁን፣ ግን ዊንዶውስ ጣትን ከመቀበሉ በፊት ፒን ይጠይቃል፤ ሽንኩርት የከተፈና ጨርቅ ያጠበ ጣት ሲያስቸግረውም ወደዚያው ፒን ይመለሳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ይዞናል፤ አዋጁም ይሸነፍለታል። የሚፈሩት ሰው እቤት ውስጥ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ስልኳን የሚፈትሽ ባል ላለባት፣ ቤቱን ከማያምነው ደባል ጋር ለሚጋራ ሰው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት መጠበቂያ ሳይሆን አሳልፎ ሰጪ ነው። ለእነዚህ አንቀጽ አንድ አይሠራም፤ ወቀሳውን የሚያነሣው ክፍል ብቻ ይሠራላቸዋል። ወደ ሥራ ቦታ በቦርሳ የሚሄድ ላፕቶፕም ወረቀቱን ይዞ አይወጣም።

አንቀጽ አራት። ወረቀቱ በኮምፒውተሩ ላይ አይለጠፍም፣ በቁልፍ ሰሌዳው ሥርም አይገባም፤ የልደት ወረቀትና የቤት ውል ባለበት ይቀመጥ፤ ቦታውን ከባለቤቱ ሌላ አንድ ሰው ይወቅ። በ251 የሚጀምረው ቁጥር ዛሬውኑ በሚሠራ ቁጥር ይተካ። «ፓስወርድ በወረቀት አይጻፍም» የሚል ማንኛውም ልማዳዊ አሠራር ቤትን በሚመለከት ተሽሯል። ይህ አዋጅ በአል-ዐሪሽ መብራት ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።