«በእኛ በኩል ሰላም ነው»

«በእኛ በኩል ሰላም ነው» ብሎ ስልክ የዘጋ ሰው እስከ ዛሬ ሲሳሳት አልታየም። ላሊበላ ያለው የባንክ ቅርንጫፍ አዲስ አበባ ይደውላል፤ በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል ሰላም ነው። መስመሩን የሚያከራየው ድርጅት ይጠየቃል፤ በእሱም በኩል ሰላም ነው። ቅርንጫፉ ዞር ብሎ የራሱን መሣሪያ ያያል፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ስለዚህ እዚያም ሰላም ነው። ሦስቱም ወገኖች እንዲህ ሰላም ውለው ገንዘብ ማውጣት ብቻ አልተቻለም። የትኛው ባንክ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ስም የምጠራበት ጉዳይ አይደለም።

ላልገባው ሰው ላስረዳ። የቅርንጫፉ ኮምፒውተር የደንበኛውን ሒሳብ የሚያገኘው አዲስ አበባ ካለው ሰርቨር ነው። መረጃው መንገድ ላይ እንዳይነበብ በሁለቱ ጫፍ የተተከሉት ፋየርዎሎች በመካከላቸው ቪፒኤን ይዘረጋሉ፤ ባለሙያዎቹ ታነል ይሉታል። ሕዝባችን ቪፒኤንን የሚያውቀው በሌላ ሥራው ነው። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ሲዘጉ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ቪፒኤኑን በሁለት ደቂቃ እየጫነ ይገባ ነበር። የባንኩ በባለሙያ የተያዘ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል።

ቅዳሜ ነው፤ የላሊበላ ገበያ። ከአሸተን ማርያም ጀርባ ካለው ደጋ ሌሊት ተነሥተው የወረዱ እናት፣ ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸውን ብር ሊቀበሉ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በሩ ላይ ደርሰዋል።

«ሲስተም የለም እናቴ» ይላቸዋል ጥበቃው።

«ብሩ ነው የሌለው ልጄ?»

«ብሩስ አለ። ሲስተሙ ነው የሌለ።»

«እንግዲያማ ያለውን ስጡኛ!»

ከዚህ የተሻለ የብልሽት ፍለጋ በዚያ ቀን በየትኛውም ጫፍ አልተደረገም። ሴትዮዋ ቢያንስ ያለውን ከሌለው ለይተው ጠይቀዋል።

ውስጥ ግን ሥራ አልተፈታም። ፋየርዎሉ እየተነቀለ እየተሰካ ነው። «ንቀለው፣ አሥር ቁጠርና ሰካው» ይላል ከአዲስ አበባ የሚመጣው መመሪያ። የአገራችን የኔትወርክ ጥበብ በሙሉ በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ አለ፤ ከመቁጠር በቀር ሌላ ትምህርት አይጠይቅም። የሚያናድደው ደግሞ መሥራቱ ነው! ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነቅሎ የተሰካው መሣሪያ ቀኑን ሙሉ እንደ ደህና ይውልና 10 ሰዓት ገደማ ጸጥ ይላል። ነገም እንዲሁ። ቅርንጫፉ ውስጥ «ወደ ማታ ሲስተሙ ይደክመዋል» የሚል እምነት ከተተከለ ቆይቷል፤ ከ9 ተኩል በኋላ የመጣ ደንበኛ የሲስተሙን ድካም እንዲረዳለት ይጠበቅበታል።

ድካሙ ግን ስም አለው። አይክ ቪ2 በሚባለው የቪፒኤን ስምምነት ሁለት ፋየርዎሎች ሲገናኙ የመጀመሪያው የመረጃ መመስጠሪያ ቁልፍ የሚወጣው ሲተዋወቁ ካደረጉት ድርድር ነው። ቁልፉ ዕድሜ አለው፤ 28,800 ሰከንድ ተብሎ ከተሞላ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። ዕድሜው ሊያልቅ ሲል አዲስ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ፒኤፍኤስ የሚባለው ቅንብር ካለ ደግሞ አዲሱ ቁልፍ በአዲስ ድርድር መውጣት አለበት። እንግዲህ የአዲስ አበባው ፋየርዎል «በግሩፕ 14 እንደራደር» ሲል የላሊበላው «እኔ የማውቀው ግሩፕ 5 ነው» ካለ፣ ጠዋት ማንም አያውቅባቸውም፤ ጥያቄው ገና አልተነሣማ። ጸባቸው የሚፈነዳው እድሳቱ ላይ ነው። መንቀልና መሰካት ጸቡን አያስታርቅም፤ በስምንት ሰዓት ያራዝመዋል። መድኃኒቱ በሁለቱም በኩል ያንኑ አንድ ቁጥር መምረጥ ነው። ለዚህ ግን ሁለቱ ጫፎች መነጋገር ይኖርባቸዋል፤ መነጋገር ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያሳያል።

ፋየርዎሎቹ እንደ ጌቶቻቸው ነገር አይሸሽጉም። ጸቡ በፈነዳባት ደቂቃ «ከቀረበልኝ የምስማማበት አጣሁ» ብለው ሎግ በሚባለው መዝገባቸው ላይ ጽፈውታል። ሎጉ ታዲያ ለምን አይነበብም? ኧረ ይነበባል! ቅርንጫፉ በደንብ ሪፖርት ያደርጋል፦ «10 ሰዓት ላይ ተቋረጠ።» ዋናው መሥሪያ ቤትም በደንብ ይፈትሻል፤ ሎጉን ከፍቶ ወደ 10፡00 ይሄዳል። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነውና እዚያ የሚያገኘው የጠዋቱን 4 ሰዓት ነው፤ ታነሉ ጤነኛ፣ ገበያው የደራበት፣ ብር የሚወጣበት ሰዓት። «ሎጉን አይተነዋል፣ በእኛ በኩል ሰላም ነው» ይላል፤ አልዋሸም። ጸቡ የተጻፈው 16፡00 ላይ ነው፤ እዚያ ድረስ ወርዶ የሚያነብ የለም።

ጥርጣሬ ለማይወዱ ደግሞ ፒንግ አለላቸው፤ ለወዲያኛው ጫፍ «አለህ?» ብሎ ልኮ «አለሁ» የሚል መልስ መጠበቅ ነው። «ፒንግ ያደርጋል» ከተባለ ክርክሩ አለቀ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ዊንዶውስ ካልታዘዘ በቀር ፒንግ ሲያደርግ የሚልከው 32 ባይት ነው። የደንበኛ ሒሳብ ዝርዝር የጫነ ፓኬት ግን እስከ 1,500 ባይት ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ምስጠራው የራሱን ሸክም ይጨምርበታል፤ መስመሩ ከሚችለው አለፈ ማለት ነው። እንዳይቆራረጥ የታዘዘ ከሆነ ይጣላል፤ «አሳንሰህ ላክ» የሚለው መልእክትም «ለደኅንነት ሲባል» በሌላ ፋየርዎል ታግዶ ይቀራል። ስለዚህ ገንዘብ ከፋዩ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ይገባል፣ ስሙ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ሒሳቡን ክፈት ሲለው ይንጠለጠላል። በአንዲት ቅንብር የቲሲፒን መጠን ወደ 1,350 ዝቅ ማድረግ ነበር። ግን ፒንግ ያደርጋላ!

ላሊበላ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር ጨለማ ዋሻ አለ፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። አስጎብኚው መብራት አጥፍታችሁ ግድግዳውን እየዳሰሳችሁ እለፉ ይላል። እዚያ መዳሰሱ ለነፍስ ነው። የእኛ ባለሙያዎች በእጃቸው ባትሪ ይዘው፣ ሎግ የሚባል መብራት ተሰጥቷቸው፣ አጥፍተው መዳሰሱን የመረጡት ለምን ጽድቅ እንደሆነ ቢነግሩን ደስ ባለን።

ዳሰሳው መቼም ጉድ ያሳያል። ለቪፒኤኑ ፕሮቶኮል 50ን ክፈቱ ሲባል ፖርት 50ን የሚከፍት አለ። ሚስጥራዊውን የጋራ ቁልፍ መላው ቅርንጫፍ ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ የሚለጥፍ አለ፤ ሲገለበጥ መጨረሻው ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ትጨመርና ቁልፉ ለሁሉም ሰው ደርሶ ለፋየርዎሉ ብቻ አይሠራም። ሁሉም ሲያቅት «ለጊዜው ሁሉንም ክፈተው» ይመጣል፤ ያ ጊዜ እስካሁን አላለፈም።

እውነተኛውን መቋረጥ ዘንግቼ አይደለም። ላሊበላ በሐምሌ 2013 መጨረሻ በጦርነት ተይዛ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ወራት አሳልፋለች። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ በኋላም ከተማዋ ባለችበት ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ኖሯል። ያኔ «የለም» ያለ እውነቱን ነው። ክፋቱ መስመሩ ሲመለስ ሰበቡ አብሮ አለመሄዱ ነው። ዛሬ በቅንብር ገጽ ላይ በስህተት የተመረጠች አንዲት ቁጥር ከተቆረጠ ፋይበር እኩል ማዕረግ አግኝታ፣ ሁለቱም «የኔትወርክ ችግር» ተብለው በአንድ መዝገብ ይሰፍራሉ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው።

ለዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ልመና አለኝ። ቅርንጫፉ ሲደውል ስልኩን ሳትዘጉ ሎጉን ክፈቱ፤ 10 ሲላችሁ 16 ላይ ፈልጉ፤ የሁለቱን ፋየርዎሎች የቁልፍ እድሳት ገጽ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። እሱ እስኪሆን ድረስ፣ አንባቢዬ፣ ለልደት ላሊበላ የምትሄዱ ከሆነ ጥሬ ብር ይዛችሁ ሂዱ።