ብዝኃነት ከነፓርኪንጉ

እንኳን ደስ ያለህ ወዳጄ! የቤትህ እድሳት አልቆ ለኪራይ አቀረብከው አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ስትገዛው እንኳን ደስ ያለህ ሳልልህ ቀርቼ ነበርና ዛሬ ልካስህ።

ትዝ ይለኛል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሾው ሰፈር፣ ከዩ ስትሪት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ የቆመ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት። ከላይ ሦስት፣ ከታች ምድር ቤቱ፣ በድምሩ አራት ቤት፤ በጓሮ በኩል ደግሞ አንድ መኪና የሚያስቆም ቦታ። «ምኑ ማረከህ?» ብዬ ስጠይቅህ የመለስክልኝን እስካሁን ለሰው አወራዋለሁ፦ «ሰፈሩ ብዝኃነት አለው፤ ፓርኪንግም አለው።»

ብዝኃነትን አገር ቤት ሳለን በየዓመቱ ኅዳር 29፣ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ በቴሌቪዥን ስትጨፍር ነበር የምናውቃት። አሜሪካ ስትገባ ግን ሥራ አግኝታለች፤ እንደ ግራናይት ጠረጴዛና እንደ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ከቤት ጋር አብራ ትሸጣለች። ቤት አሻሻጯ ሪልተርህ በስሟ አፍ አውጥታ አትጠራትም፤ አይፈረድባትም። ገዢን በዘር እየለዩ «ወደዚህ ሰፈር ና፣ ወደዚያ አትሂድ» ማለት በሕግ ክልክል ነው። ሕጉ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው። በዚያው ሰሞን፣ አሁን አንተ ማኪያቶ የምትጠጣበት የ14ኛው ጎዳናና የዩ ስትሪት መጋጠሚያ በእሳት ሲጋይ ነበር የሰነበተው። እናም ሪልተሮች ጨዋ ቃል አበጁ፦ «ደማቅ ሰፈር»። ሲፈታ፦ ጥቁሮች ይኖሩበታል፣ ግን እየለቀቁ ነው።

የብድሩ ነገር ከዚህም ያምራል። ኤፍኤችኤ በሚሉት የመንግሥት ዋስትና እስከ አራት ቤት ያለውን ሕንፃ 3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ (ዳውን ፔይመንት) ከፍሎ መግዛት ይቻላል፤ ገዢው ከአራቱ በአንዱ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀመጥበት እንጂ። የሌሎቹ ቤቶች ኪራይ 75 በመቶው እንደ ገዢው ገቢ ሊቆጠርለት ይችላል። እንግዲህ ባንክ ፊት አብሮህ የቆመው ማን ነበር? መካከለኛው ፎቅ ላይ፣ በልጅነታቸው ከሳውዝ ካሮላይና የመጡት አሮጊት። ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ምግብ ቤት ድስት ሲያጥብ የሚያመሸው የኤል ሳልቫዶር አባወራ። ምድር ቤት ደግሞ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ የነዱት ጋሽ እከሌ። (ምድር ቤቱን «ኢንግሊሽ ቤዝመንት» ይሉታል፤ እንግሊዝ ሲኖርበት ግን አይቼ አላውቅም።) ሦስቱ ሳያውቁት ዋስ ሆኑህ። የዋስ መጨረሻ ደግሞ የታወቀ ነው።

ቤት ያስመረቅህ ዕለት እንግዶችህን ከምድር ቤት እስከ ላይ አዞርካቸው። «ይኼ ነው ሰፈራችን!» እያልክ ከአሮጊቷ ጋር በረንዳ ላይ ፎቶ ተነሳህ። ዳቦውን የባረኩልህ ጋሽ እከሌ ነበሩ። ወር ሳይሞላ ግን አሮጊቷ እሑድ ጠዋት የሚያሰሙት መዝሙር እንቅልፍ ነሳህ። ሳልቫዶራዊው እኩለ ሌሊት የሚጠብሰው ሽንኩርት ልብስህ ውስጥ ገባ። የጋሽ እከሌ እጣን ወለሉን ሰንጥቆ ወጣ ብለህ ነገርከኝ፤ አንተ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር እናትህ ጉልበት ሥር እጣን ስትምግ ያደግከው! ብዝኃነት ለካ ከመንገድ ማዶ ሆና ነው ደስ የምትለው።

ሕጉን ጠንቅቀህ አነበብክ፤ በዚህ አደንቅሃለሁ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ሕግ የሚኖሩበት ቤት ሲሸጥ ተከራዮች ቀድመው የመግዛት ዕድል አላቸው ብላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ቢሸራረፍም መልካም ሕግ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ገንዘብ አብሮ አይሰጥም። ሌሊቱን ድስት ሲያጥብ የሚያመሸው ሰውዬ ሚሊዮን ዶላር ከኪሱ ለምን እንዳላወጣ እስካሁን ይገርመኛል።

አንተ ግን አወጣጡን ታውቅበታለህ። «ቤቱን ለራሴ እፈልገዋለሁ» የሚለው የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ አለ። እንዲህ ብሎ ያስለቀቀ ባለቤት ያንን ቤት ለአንድ ዓመት አያከራየውም ይላል ሕጉ። ዓመት ምን አላት! ወለሉ ሲነቀል፣ ግድግዳው ሲፈርስ፣ ኮንትራክተሩ ሲጠፋና ሲመጣ አለቀች። የኪራይ ቁጥጥሩም አይነካህም፤ ከአራት ቤት የማይበልጥ ያለው ግለሰብ ከቁጥጥሩ ነፃ ነው፤ ለትንንሽ አከራዮች ታዝኖላቸዋል። የቸኮለ ደግሞ «ካሽ ፎር ኪስ» የሚሉት አለለት፤ ቁልፉን ስጠኝ፣ ቼኩን እንካ። አሮጊቷ ቼኩን ይዘው ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ እህታቸው ዘንድ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከዲሲ ነዋሪዎች ከአሥሩ ሰባቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ዛሬ ከግማሽ በታች ናቸው። የአንተ ድርሻ አንዲት አሮጊት ብቻ ናት፤ ራስህን አታስጨንቅ።

ደግሞም ብቻህን አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ2019 7ኛው ጎዳናና ፍሎሪዳ አቬኑ ላይ ለዓመታት በድምፅ ማጉያ የዲሲ ጥቁሮችን ጎ-ጎ ሙዚቃ የሚያሰማ የስልክ ሱቅ፣ በአቅራቢያው ከተሠራ አዲስ አፓርትማ በመጣ አቤቱታ ሙዚቃውን እንዲያጠፋ ተደረገ። የከተማው ልጅ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ ጨፈረ፤ ሙዚቃውም በቀናት ውስጥ ተመለሰ። በዓመቱ ዲሲ ጎ-ጎን በሕግ የከተማዋ ሙዚቃ አድርጋ አወጀች። ሙዚቀኛው ማታ የት እንደሚያድር በአዋጁ አልተካተተም።

እኛስ? እኛማ ንጹሐን ነን። መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ ሰፈርን። ኪራይ ሲወደድብን ወደ 9ኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት ወረድን። በኪንግ ግድያ ሰሞን ከነደደው ቃጠሎ በኋላ ሱቆቹ ብዙ ዓመት የተዘጉበትን፣ ቀጥሎም ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1991 እስኪከፈት በሜትሮ ባቡር ቁፋሮ የታመሰውን መንገድ ደፍረን ሱቅ ተከራየን፤ ምጣድ ጣድን፣ መብራት አበራን፣ ሰው ማምሸት ጀመረ። ከዚያ «ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ ይሰየምልን» አልን። ሰፈሩ ግን ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ እ.ኤ.አ. በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቴአትር ያለበት፣ «ጥቁሩ ብሮድዌይ» ሲባል የኖረ ነውና የቀደሙት ነዋሪዎች «ስም አለው» አሉን። እኛ በስሙ ስንከራከር ቤቱን ሌላ ሰው ገዛው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላል ያገሬ ሰው፤ ውሻው ማን እንደሆነ ባልናገር ደስ ይለኛል።

የኪራይ ማስታወቂያህን አየሁት። አራቱም ቤት ነጭ ሆነዋል፤ ግድግዳውን ማለቴ ነው። «ደማቅና ብዝኃነት ባለው ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ» ብለሃል። አልዋሸህም፤ የቀሩት ምግብ ቤቶች በእግር ይደረሳሉ።

ጋሽ እከሌ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጃቸው ጋ ገብተዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከጓደኞቻቸው ጋር ቡና ለመጠጣት ወደዚህ ይነዳሉ። ታርጋቸው አሁን የሜሪላንድ ስለሆነ የነዋሪ ፓርኪንግ ፈቃድ የላቸውም፤ ሃያ ሁለት ዓመት በኖሩበት መንገድ ላይ መኪናቸውን የሚያቆሙት ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው።