የሬድመንድ ደጅ ጥናት

የሊኑክስ ተጠቃሚ ኩሩ ነው። ዊንዶውስን ጥሎ የወጣበትን ቀን እንደ ልደቱ ያከብራል። ኮምፒውተሩ ቫይረስ እንደማይፈራ፣ የማንንም ፈቃድ እንደማይጠይቅ፣ ለማንም ጌታ እንደማይገብር ቡና በተፈላበት ሁሉ ይሰብካል። ታዲያ ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ በማይክሮሶፍት የኢሜይልና የካሌንደር ፕሮግራም፣ በአውትሉክ፣ የስብሰባ ጥሪ ይልክበታል። ማክሰኞ ይህንኑ ነጻ ሰው የምናገኘው ነጠላውን አደግድጎ ሬድመንድ በሚገኘው የማይክሮሶፍት ደጅ ላይ ቆሞ ነው፦ «ጌታዬ፣ አውትሉክን ለእኛም ይስጡን።»

ይህን የመሰለ ትዕግሥት አለማድነቅ ንፉግነት ነው። የድሮ ባለጉዳይ ደጅ ሲጠና ሹመቱ ቢቀርበት እንኳ ጌታው በበቅሎ ሲያልፍ እጅ ይነሳ ነበር፤ ቢያንስ ታይቷል። አውትሉክ በ1997 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ገበያ ላይ ከዋለ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ። የሊኑክሱ ደጅ ጠኚ እስካሁን ያገኘው መልስ «አስተያየትዎን ተቀብለናል» የሚል ነው። መልሱን ያነበብኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ ትሕትናው አይጣል ነው።

ጌታው ጨካኝ ነው እንዳይባል ሌላውን ሁሉ አስተናግዷል። ማክ ላለው አንቱራዥ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ሰጠው፤ ቆይቶም ከ2011ዱ ኦፊስ ጋር አውትሉክን ራሱን ላከለት። በ2015 ለአይፎንም ለአንድሮይድም አደለ። የአንድሮይድ ከርነል ሊኑክስ መሆኑን የሚያውቅ እዚህ ላይ ይስቃል። አውትሉክ ሊኑክስ ላይ አልሠራ የሚለው ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ነው፤ ኪስ ውስጥ ሲሆንማ ይሮጣል።

ፍቅርም አልጎደለም። በ2001 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን ከካንሰር ጋር አመሳሰሉት። በ2014 ተተኪያቸው ሳቲያ ናዴላ ማይክሮሶፍት ሊኑክስን እንደሚወድ አወጁ። አልዋሹም፤ የኩባንያው ደመና ላይ ሊኑክስ ሌት ተቀን እየሠራ ገንዘብ ያስገባል። ሠራተኛውን እወዳለሁ ማለት ግን ማዕድ አቀርበዋለሁ ማለት አይደለም። በ2019 የኩባንያው የስብሰባ ፕሮግራም ቲምስ ለሊኑክስ ሲለቀቅ ደጅ ጠኚው እልል አለ። በ2022 መልሰው አነሱትና «በብሮውዘር ተጠቀሙ» አሉት።

እስከዚያው የቢሮ ሕይወት ይቀጥላል። ባልደረባ ውል አያይዞ ይልካል፤ የሚደርሰው ግን «ዊንሜይል ዳት» የሚባል አንድ ፋይል ነው። አውትሉክ አንዳንዴ ደብዳቤውንም አባሪውንም በራሱ ማሸጊያ ጠቅልሎ ይልካል፤ ማሸጊያውን መፍታት የሚያውቀው ደግሞ እሱና ጥቂት መሰሎቹ ናቸው። ተቀባዩ ይደውላል፦ «አልከፈት አለኝ።» ላኪው ይገረማል፦ «እኔ ጋ ይከፈታል እኮ!» አይቲው ይጠራል፤ ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ፍርዱንም ይሰጣል፦ «አውትሉክ ጫን።» «ለሊኑክስ የለውም።» «እንግዲያው ዊንዶውስ ጫን።» ውሉ ሲፈለግ ውሎ በመጨረሻ የሚያድነው የስልክ ካሜራ ነው፤ ላኪው የታተመውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልከዋል።

መቼም መላ አልጠፋም ነበር። የተለያዩ ፕሮግራሞች ቀጠሮ የሚለዋወጡበት አይካሌንደር የተባለው ክፍት ስምምነት የወጣው በ1998 ነው። ካረቀቁት ሁለት ሰዎች አንዱ የሎተስ፣ ሌላው የራሱ የማይክሮሶፍት ባልደረባ ነበሩ። በ2007 ካሌንደሩን ከሰርቨር ጋር የሚያናግረው ካልዴቭ ተከተለ። የማይክሮሶፍቱ ኤክስቼንጅ ሰርቨር ግን ካልዴቭን እስከ ዛሬ አያናግረውም። ተንደርበርድ የተባለው ክፍት የኢሜይል ፕሮግራም በ2025 መጨረሻ የኤክስቼንጅን ኢሜይል በቀጥታ መቀበል ቻለ፤ ያለፈበትን በር ማይክሮሶፍት በደመናው ላይ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ሊዘጋው መሆኑን ቀድሞ በ2023 አስታውቋል። ቁልፉ ተሞርዶ እስኪያልቅ ጓጉንቸሩ ይቀየራል።

ባለጌ የሆኑ ጀርመኖች ግን የደጅ ጥናትን ወግ አያውቁም። ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የተባለው ክፍለ ግዛት አውትሉክ ይምጣልኝ ብሎ አልለመነም። በ2025 ከ40 ሺህ በላይ የመንግሥት የመልእክት ሣጥኖችን፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ኢሜይሎችንና ቀጠሮዎችን አሸክሞ ከኤክስቼንጅ ወደ ኦፕን ኤክስቼንጅና ወደ ተንደርበርድ ሄደ። (ስማቸው መመሳሰሉ አያሳስት፤ የተለያዩ ናቸው።) «ሙኒክስ?» የሚል አስተዋይ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሙኒክ በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመሄድ ወስና በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ድምፅ ሰጥታለች። አስተዋዩ የሚዘለው አንድ ነገር አለ። በ2003 ከተማዋ ልትወጣ መሆኑ ሲሰማ ባልመር ከንቲባውን ለማግባባት ራሳቸው ሙኒክ ድረስ ሄደዋል። ጌታው ከበሩ ወጥቶ ሰው ደጅ ሲጠና የታየው የሚሄድ ደንበኛ ሲያይ ነው እንጂ የሚለምን ሲያይ አይደለም።

ለማንኛውም ልመናው ከንቱ አልቀረም፤ የተሰማው ግን ተገልብጦ ነው። ማይክሮሶፍት አሁን ለዊንዶውስ የሚያድለው «አዲሱ አውትሉክ» በመሠረቱ መስኮት የለበሰ ድረ ገጽ ነው። ለሊኑክሱ ሰው «በብሮውዘር ተጠቀም» ሲባል የኖረው ምክር ለከፋዩም ደረሰው። እኩልነት ይሏል ይህ ነው፤ የታችኛውን ወደ ላይ ከማውጣት የላይኛውን ማውረድ ይቀላል።

ደጅ ጠኚውም አቤቱታውን አድሶ ይቀጥላል። አቤቱታው የሚሰማበት ቦታ ሩቅ አልነበረም፤ በገዛ መሥሪያ ቤቱ አንድ ፎቅ ወርዶ ግዥ ክፍል አለ። የጨረታው ሰነድ ውስጥ አንዲት መስመር ብትገባ ይበቃ ነበር፦ «የሚገዛው የኢሜይልና የካሌንደር ሰርቨር በክፍት ስምምነቶች ከማንኛውም ፕሮግራም ጋር ይሥራ።» ችግሩ ይህን መስመር ያመጣ ሰው በስሙ ይታወቃል፤ ኃላፊው ቂም ይይዛል፤ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ነጥብም የሚሞላው በእሱ እጅ ነው። ሬድመንድ የማንንም ስም አይዝም። ከአለቃ ጋር ከመጣላት የማያውቁትን ጌታ ዕድሜ ልክ መለመን ይሻላል።