የአያት ስም ያዛመዳቸው

ውጭ አገር ያለው ወገናችን ሰሞኑን አዲስ ሱስ ይዞታል፤ ዘመድ ፍለጋ። ስልክ መደወል ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ያስወጣል። ኮምፒዩተር ከፍቶ፣ የወር ክፍያ ከፍሎ፣ መዝገብ ላይ በእሱ ስም የሚጠራውን ሁሉ መልቀም ነው። ፈረንጅ ይህን ቢያደርግ ወግ አለው፤ ስሙ ከቅድመ አያቱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። የእኛ ሰው ግን ፓስፖርቱ ላይ መጨረሻ የሰፈረው የአያቱ ስም ነው። ከአያቱ ወዲያ ያሉትን ወረቀቱ አያውቃቸውም፤ ከአያቱ ወዲህ ያለውን አባቱንም ቢሆን መሐል ላይ ወሽቆ ረስቶታል።

ቨርጂኒያ ያለ አንድ ወዳጄ «የበቀለ ቤተሰብ»ን እያሰባሰበ ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰፊ ወረቀት ለጥፎ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክርቢቶ መስመር ያሰምርበታል።

«ይሄ በቀለ ዴንቨር ነው፤ ይቺ በቀለ ቶሮንቶ ናት፣ ነርስ ናት።»

«አያትህ ስንት ልጅ ነበራቸው?»

«አምስት።»

ወረቀቱ ላይ ያሉት ከመቶ ይበልጣሉ። አያቱ ደግሞ መንዝ ተወልደው፣ መንዝ አርሰው፣ መንዝ የተቀበሩ ሰው ናቸው። ወዳጄን የቸገረው ሌላ ነው፦ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ በሕግ 72 ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ይከፈታል፤ እ.ኤ.አ. የ1950ው በ2022 ተከፍቶለት ገጽ በገጽ ቢያገላብጠው በቀለ የሚባል ዘመድ አጣ። የእኛ ሰው በብዛት የገባው ከአብዮቱ ወዲህ መሆኑን ብነግረው ራሱን ነቀነቀና «የጠፋ ገጽ ሳይኖር አይቀርም» አለኝ።

በእሱ ዘዴ ከሄድን ብዙ ጉድ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሦስት ዲባባዎች ሜዳሊያ አመጡልን፤ ጥሩነሽ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ፣ ገንዘቤ በ1500 ብር፣ ማሬ በማራቶን ነሐስ። በወረቀቱ ሦስቱም እህትማማች ናቸው። ጥሩነሽና ገንዘቤ እውነትም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የማሬ አባት ግን ሌላ ዲባባ ናቸው። የሁለቱ እህትማማቾች የሥጋ ዘመድ ደራርቱ ደግሞ አባቷ ቱሉ ስለሆኑ ግድግዳው ላይ ቦታ የላትም።

ወደ ቤተ መንግሥቱ መዝገብ ሲገባማ ይብሳል። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ስማቸውን ብቻ አይቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጆች መሐል ያሰፈራቸው ሰው፣ ከ«አባታቸው» በአራት ወር ብቻ የሚያንሱ ልጅ ይኖሩታል። የራስ እምሩ አባት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ናቸው። ራስ እምሩና ንጉሠ ነገሥቱ ሐረር አብረው ያደጉ ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ ያኔ ንጉሠ ነገሥቱ ገና ተፈሪ ነበሩ። ካሣ ኃይሉ ብሎ የፈለገም ሁለት ትልልቅ ሰው ያገኛል፦ ከነገሡ በኋላ ቴዎድሮስ የተባሉትን የቋራውን ካሣ፣ እና እሳቸው መቅደላ ላይ በ1860 ከሞቱ ከ13 ዓመት በኋላ የተወለዱትን የሰላሌውን ልዑል ራስ ካሣን። አባትየው ኃይሉ የቋራ፣ አባትየው ኃይሉ የላስታ። ያውም ፈላጊው ኃይሉን በትክክለኛው «ኃ» ከጻፈው ነው፤ በ«ሀ» ከጻፈው ኮምፒዩተሩ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብሎ ሁለቱንም ይክዳል።

እንዲህ ከመዝገብ ቤት የተመለሰ ሰው ሁሉ ደግሞ አንድ ደጃዝማች ይዞ ነው የሚመጣው። ቢጠፋ ቢጠፋ ፊታውራሪ። አንድም ቀን «ቅድመ አያቴ ጭሰኛ ሆነው አገኘኋቸው» ያለ አልገጠመኝም። ደብዳቤ የሚጽፈውና የሚጻፍለት ሹም ነበር፤ በወንጌል ኅዳግ ላይ የጉልት ስጦታ ሲሰፍርም የሰጪው፣ የተቀባዩና የምስክሮቹ ስም ይጻፋል እንጂ የሚያርሰውን ማን አስታወሰው? መዝገቡ ውስጥ ያለው ደጃዝማች ስለሆነ ፈላጊው ሁሉ የደጃዝማች ዘር ሆነ።

ወዳጄ የአያት ስም ዘመድ አያደርግም ስለው ሕግ ጠቀሰብኝ። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀልን የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከ3,367 አንቀጾቹ በ32ኛው ላይ፣ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል። እውነቱን ነው፣ ይደነግጋል። ከ60 ዓመት በላይ ሆነው፤ አገሩም እንደ ልማዱ ልጁን በአባቱ መጥራቱን ቀጠለ። አንቀጹን አንብቦ ያመነበት ወዳጄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዘር ቆጠራውን አላውቅበት ያለ ሕዝብ ቢሆን ደግሞ አንድ ነገር ነው። ጎጃምና ጎንደር እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠየቀው በእናትም በአባትም እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ነበር። በቃሉ ያልቆጠረ መሬት አያገኝም፤ ሙግት ላይ ሦስተኛዋን አያት የዘለለ ባላጋራው ያርመዋል። ለጋብቻም ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወዳጄ ወረቀት ላይ ግን አንዲት አያት የለችም፤ የሴት ስም ቢገኝም የበቀለ ልጅ ነኝ ያለችው ቶሮንቶ ያለችው ነርስ ናት።

ባለፈው ግፊቴ ሲበዛበት መንዝ ላሉት አክስቱ ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ፣ እስክርቢቶውን አዘጋጅቶ፣ «እትዬ፣ አሜሪካ ዘመድ አለን ወይ?» አላቸው።

«ምነው የለን! የእናትህ የአክስት ልጅ አይደለም እንዴ፣ እዚያው አንተ አገር ታክሲ የሚነዳው? አምና እናቱ ሞታ ልቅሶ እንኳን አልደረስክም አሉ። ቤታችሁ ለቤታችሁ የእግር መንገድ ነው ይላል።»

ወዳጄ ስሙን ከነአያቱ ጠየቃቸው፣ ነገሩት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየውና ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ወደ እኔ ዞረ።

«በቀለ የሚባል የለበትም» አለኝ።