ይግባኝ ለንጉሥ ሳኦል

የእስራኤል የመጀመሪያው ንጉሥ ሳኦል ያለ ዘመኑ ተወልዶ የተጎዳ ሰው ነው። ጥፋቱ ተብሎ የሚነገረው እንኳ ሲያዩት ጥፋት አይመስልም። አማሌቅን ወግቶ ድል አደረገ፤ ከምርኮው አንዳች እንዳያስቀር ታዝዞ ሳለ የሰባ የሰባውን በግና በሬ መርጦ አስቀረ፤ ሲጠየቅም ለመሥዋዕት ነው አለ። ለራሴ አላለም እኮ! ነቢዩ ሳሙኤል ግን ለዚህ በጎ ሐሳብ አንዲት የምስጋና ቃል ሳይተነፍስ ከንግሥናው መናቁን ነገረው። ሳኦል በእኛ ዘመን ቢኖር የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራ፣ እልልታው ይቀልጥ፣ የምስጋና ወረቀቱም በመስታወት ተለብጦ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቀል ነበር። የተጠየቁትን ትቶ ያልተጠየቁትን መስጠት እንደ ትልቅ መንፈሳዊነት በሚቆጠርበት በዚህ ጊዜ፣ የሙያው አባት ፍርዱ እንደገና እንዲታይለት ይግባኝ ማለት የወግ ነው።

መዝገቡ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ነው። ሳኦል ከዘመቻው ሲመለስ በቀርሜሎስ ለራሱ የመታሰቢያ ሐውልት አቆመ። (የለጋሾች ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ በር ላይ መለጠፍ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ይሁን አይሁን የታሪክ ሰዎች ያጥኑት።) ሳሙኤልን ሲያገኘው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ አለ፤ በጎቹ ከኋላው እየጮኹ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ለጠበቆች ማስተማሪያ ይሆናል። ያማረ ያማረውን ያስቀረው ሕዝቡ ነው፤ የቀረውን ያጠፋነው ግን እኛ ነን። ሳኦል የትኛውን ዓይነት መሥዋዕት እንዳሰበ ባይገልጽም፣ እርም የተባለ ምርኮ ሁሉ ስለሚጠፋ ለማንም የሚተርፍ ነገር እንደማይኖር ያውቃል። የደኅንነት መሥዋዕት ግን ሌላ ነው። ስቡ ይቃጠላል፣ ፍርምባውና ወርቹ ለካህኑ ይሰጣል፣ ቀሪውን ሥጋ አቅራቢው ከነቤተ ዘመዱ ይበላዋል። ትእዛዙ ቢፈጸም ባዶ እጅ መመለስ ነው፤ በጎ ሐሳቡ ቢፈጸም ድግስ አለ። ከበጎ ሐሳብ ውስጥ አንዳንዴ የጥብስ ሽታ የሚመጣው ለዚህ ነው።

የሳኦል ደቀ መዛሙርት ዛሬ ከመምህራቸው በልጠዋል። ታኅሣሥ 19 በደረሰ ቁጥር ስለቷን ለቁልቢ ገብርኤል ለማስገባት ዘርፈ ብዙ ጃንጥላ ይዛ የምትጓዝ አንዲት እመቤት እናስብ። ቤት የቀረችው ሠራተኛ ደመወዟን ካየች ወራት አልፏል። ስትጠይቅ «አንቺ እኮ ልጄ ማለት ነሽ፤ ምን ጎደለብሽ? እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ትባላለች። ኦሪት ዘዳግም የምንደኛው ደመወዝ በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈለው ይላል፤ ስለ ጃንጥላ ዘርፍ ምንም አይልም። እመቤቲቱም ሕጉ ዝም ባለበት ትተጋለች፣ ሕጉ በተናገረበት ዝም ትላለች። የቀን ሠራተኛ ላብ በልቶ ለቤተ ክርስቲያኑ ግንባታ ሲሚንቶና ብረት የሚያራግፈው ተቋራጭ፣ በአባት ቤት ውርስ እህቱን ፍርድ ቤት እያመላለሰ ለመቅደሱ ምንጣፍ የሚያነጥፈው ወንድምም የዚሁ ማኅበር አባላት ናቸው። ሰውዬው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ በማቴዎስ ወንጌል ታዝዞ ነበር፤ ምናልባት ምንጣፉ ከብዶት ይሆናል መመለስ ያቃተው። በወንጌላውያኑ አዳራሽም ነገሩ ያው ነው፤ ስጦታው «ዘር» ስለሚባል ብቻ አይለይም። ባለዕዳው የአበዳሪውን ስልክ አያነሳም፤ መድረክ ላይ ግን በደስታ ይዘራል።

«እግዚአብሔር ልብን ያያል» የሚለው መከላከያ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ በእኛ ዘንድ ይህን ያህል ክርክር ያስቆመ ቃል ያለ አይመስልም። የሚገርመው፣ ነገሩ የሚገኘው ከሳኦል መናቅ ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ 16 ነው፤ የተነገረውም ቁመናው ያማረው ኤልያብ እንዲታለፍ እንጂ ማንንም ለማጽናናት አይደለም። ኤርምያስ ደግሞ የሰው ልብ ከምንም በላይ አታላይ እንደሆነ ጽፏል። እንግዲህ «ልቤን እሱ ያውቀዋል» የሚል ሰው በራሱ ላይ የሚመሰክርበትን ምስክር ራሱ ጠራ ማለት ነው። በጎ ሐሳብ ዋጋ የለውም ወይ? አለው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ዳዊት ቤተ መቅደስ ሊሠራ አሰበ፣ ነቢዩ ናታንም ወዲያው ተስማማለት፣ በዚያው ሌሊት ግን የሚሠራው እሱ እንዳልሆነ ተነገረ። ኋላ ሰሎሞን እንደመሰከረው ሐሳቡ በእግዚአብሔር ዘንድ መልካም ተብሎለታል። ዳዊት ታዲያ ምን አደረገ? ተወው። ብረቱንና ናሱን፣ ዝግባውንና ድንጋዩን አከማችቶ ለልጁ አቆየለት። ሐሳቡ የተመሰገነለት ሰው አትሥራ ሲባል ያልሠራው ሰው ነው። ይህ ለይግባኛችን እጅግ የማይመች ማስረጃ ስለሆነ ችሎቱ ባያነበው እንመርጣለን።

ቁም ነገር ያለው ሌላ ተቃውሞ አለ። በአማሌቅ ላይ የወጣው ትእዛዝ ለዛሬ አንባቢ ይከብዳል፤ ሳኦል ከትእዛዙ ይልቅ ርኅራኄን መርጦ ቢሆንስ? መርጦ ቢሆን ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር። ሕዝቡን ግን በሰይፍ ፈጅቷል፤ የራራው ለንጉሡ ለአጋግና ለሰቡት ከብቶች ነው። የከሳውንና የተናቀውን አጥፍቶ የሰባውን ማዳን ርኅራኄ ሳይሆን ሥጋ መምረጥ ነው። መታዘዝ የሚለው ቃል በመሪዎች እጅ ሲገባ የምእመኑ ልጓም ይሆናል የሚሉም አሉ፤ አልተሳሳቱም፤ ብዙ ሰባኪ «ለእግዚአብሔር ታዘዙ» ሲል ለእኔ ማለቱ ነው። በዚህ መዝገብ የተከሰሰው ግን ንጉሡ ነው። መታዘዝ መጀመሪያ የተጠየቀው ሥልጣንና ከብት ካለው ሰው፣ በእኛ አገር አነጋገር ደመወዝ ከሚከፍለው እንጂ ደመወዝ ከምትጠብቀው አይደለም።

የይግባኙ ትልቁ እንቅፋት ያለው ከራሳችን መደርደሪያ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሥርዓት መጻሕፍቷ የምትቆጥረው ዲድስቅልያ የቅርብ ዘመድ አለው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን በሶርያ አካባቢ በግሪክኛ የተጠናቀረው የሐዋርያት ሥርዓት የሚባለው መጽሐፍ። ይህ መጽሐፍ ኤጲስ ቆጶሱ መባ የማይቀበላቸውን ሰዎች በስም በስማቸው ይቆጥራል፦ መበለት የሚያስጨንቅ፣ በሚዛን የሚያታልል፣ አገልጋዩን በዱላና በረሃብ የሚያሠቃይ። ሳይወዱ በግድ ከእንዲህ ያለ ሰው ገንዘብ ቢቀበሉስ? ለድኻ እንጀራ አይገዛበትም፤ ለእንጨትና ለከሰል ይዋል ይላል። ይህ በየደብሩ ቢተገበር የሥዕል ጨረታ መሪው «አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ» ከማለቱ በፊት ተጫራቹን ሠራተኛህ ተከፍሏታል ወይ ብሎ መጠየቅ ሊኖርበት ነው። ጨረታው መቀዝቀዙ አይቀርም። ማገዶ ግን አይቸግርም።