ስጥና ጠባቂው፦ አንድ የመስከረም ጥናት

የክረምቱ ደመና ተገፎ የመጀመሪያው ብራ ጠዋት ሲመጣ፣ የአዲስ አበባ ግቢዎች መሬት በእህል ይሸፈናል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ነው። እናቶቻችን ግን እስከዚያ አይታገሡም። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ፀሐይ ሁለት ጠዋት አከታትላ ከወጣች ክረምቱ ወጥቷል ብለው ሰሌናቸውን ይዘረጋሉ። እርጥበት ጠጥቶ የከረመው ስንዴ፣ ነቀዝ የጀመረው ሽምብራ፣ ለጠላ የበቀለው ብቅል፣ የተደለዘው በርበሬ፣ ከበዓል ከተረፈ እንጀራ የተቆራረሰው ድርቆሽ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ስጥ ካለ ወፍ አለ፤ ወፍ ካለ ጠባቂ አለ። የዚህ ጥናት ዓላማ በሦስቱ መካከል ያለውን ግንኙነት መመርመር ሲሆን፣ አጥኚው ለዕውቀት ሲል ለዓመታት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ለመሞቅ ተገዷል።

አስቀድሞ ስለ መስጫው። ጥንታዊው መስጫ ሰሌን ነው። በመካከለኛው ዘመን የተተረተረ ማዳበሪያ እርስ በርሱ እየተሰፋ ተካው። ያለንበት ዘመን ግን የባነር ዘመን ነው። ልጅ ሲመረቅ ሳሎን ውስጥ የሚሰቀለው፣ ፎቶውና «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባነር፣ ድግሱ ካለፈ በኋላ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል፤ በመስከረም ለስጥ ይወጣል። ውኃ አያስገባም፣ ቶሎ አይቀደድም፣ አራቱን ጫፍ ይዞ ለመሰብሰብም ይመቻል። ስንቱ የምህንድስና ምሩቅ ጋዎኑን እንደለበሰ ግንባሩ ላይ ስንዴ ተሰጥቶበታል። ድንቢጦች መልቀም ከየት እንደሚጀምሩ በጥሞና ተከታትያለሁ። ለማዕረግ ተመራቂ የተለየ ክብር የላቸውም።

የስጥ በላተኞች በሦስት ይከፈላሉ፦ ጫሪዎች፣ ነጣቂዎችና ለቃሚዎች።

ጫሪዋ ዶሮ ናት። የምትበላው ትንሽ ነው፤ ጥፋቷ በእግሯ ነው። መሃል ገብታ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላዋ ከጫረች ስንዴው ቧንቧው ሥር ደርሶ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ዶሮ ጭራ ጭራ ምን እንደምታወጣ ተረቱ ተናግሮታልና አልመለስበትም። ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ስጥ ላይ የወጣች ዶሮ «ተዋት፣ ትብላ» እንደሚባልላት ብቻ ይመዝገብ። ሒሳቡ በሌላ መንገድ ይወራረዳል።

ከነጣቂዎች ጭልፊት ለእህል ደንታ ስለሌለው፣ የሚመላለሰውም ለጫጩትና ገመድ ላይ ለተሰቀለ ቋንጣ ስለሆነ፣ ከዚህ ጥናት ውጭ ነው። ቁራ ግን ሊታለፍ አይችልም። የምለው ያንን ግዙፉን የደጋ ቁራ ነው፦ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ ብዙም የማይታወቀውን፣ ምንቃሩ ከራሱ የሚገዝፈውን፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን። እሱ የሚፈልገው ድርቆሽ ነው። አይሰርቅም፤ ይወስዳል። መጀመሪያ አጥሩ ላይ ቆሞ ይመለከታል፤ ከዚያ ወርዶ በእግሩ እየተራመደ ይመጣል፤ አንዱን ቁራሽ አንሥቶ መልሶ ይጥለዋል፤ ሌላ ይመርጣል። የመረጠውን ይዞ ቧንቧው ሥር ወዳለው ባልዲ ይሄድና ነክሮ፣ አርሶ ይበላዋል። ይህ እንግዲህ በሙሉ ትርጉሙ ፍርፍር ነው። የቀረው በርበሬ ብቻ ሲሆን፣ እሱም አጠገቡ ተሰጥቷል።

በርበሬ ከተነሣ፣ በግቢያችን በሰፊው የሚታመን አንድ ነገር መታረም አለበት። «በርበሬ ጠባቂ አይፈልግም፤ ወፉን ራሱ ያባርረዋል» ይባላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የበርበሬ ማቃጠል የሚሰማው ለእኛና ለመሰሎቻችን አጥቢ እንስሳት ነው። የወፍ አፍ አይሰማውም። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ በዚያ በትውልድ አገሩ የዱር ዘመዶቹን ዘር እየዋጡ ሳይፈጩት ራቅ አድርገው የሚዘሩለት ወፎች ናቸው። አይጥ ግን ዘሩን ስለሚያደቀው በማቃጠል ተከለከለ። ስለዚህ ዶሮ በርበሬ ስጥ ላይ ቆማ ፍሬውን እየመረጠች ስትለቅም ምንም አይሆናትም። በዚያ አካባቢ የሚያስነጥሰውና ዓይኑን የሚያሸው ጠባቂው ብቻ ነው።

ለቃሚዎች ብዙ ናቸው። ድንቢጥ አለች፤ ነቀዙን ነው የምለቅመው ብላ ልትከራከር የምትችል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ከስንዴው እየወጣ ባነሩን ለማቋረጥ የሚሮጠውን ነቀዝም እውነት አልፎ አልፎ ጠቅ የምታደርግ። ዋኖስ አለ፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ ለቅሶ የሚደርስ መስሎ የሚገባ። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን የመስቀል ወፍ ነው።

ዓመት ጠፍቶ በበዓል ብቅ የሚል ዘመድ የሚወቀሰው በዚህ ወፍ ስም ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው፤ ቀይና ጥቁር፣ ቢጫና ጥቁር፣ ረጅም ጭራ ያለውም ይገኝበታል። ወንዶቹ በዝናብ ወራት ለመራባት ሲሉ ላባቸውን ይቀይራሉ፤ መስከረም ላይ አምረው የምናያቸው ለዚህ ነው። በጋው ሲገባ ያንን ልብስ አውልቀው እንደ ሴቶቹ ቡናማና ተራ ይሆኑና ከመንጋው ይቀላቀላሉ። በሌላ አነጋገር ወፉ የትም አልሄደም። ዓመቱን ሙሉ «የት ጠፋህ?» የሚባለው ፍጡር ዓመቱን ሙሉ ድንቢጥ መስሎ ስጣችንን ሲበላ ከርሟል። ይህን ለእናቴ ባስረዳኋት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብላ ሰሌኑን ስትመለከት ቆየችና፣ «ታዲያ የእህትህ ባልም እንደዚያ ነው» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ጥናቱ አይመለከተውም።

አሁን ወደ ጠባቂው እንለፍ። ጠባቂም በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ተመዳቢ ነው፤ ትምህርት ቤት ያልተከፈተለት ልጅ። ኳስ ከውጭ ሲጠራው ስለሚሄድ ብዙ የሚጠና ነገር የለውም። ሁለተኛዋ ለሰላምታ ብቅ ብላ የቀረች ጎረቤት ናት፤ ስጡ ዳር ቁጢጥ ብላ ጠጠር እየለቀመች ታወራለች፣ ከለቀመችው የተወሰነው ጠጠር ሳይሆን ቀርቶ ወደ አፏ ይሄዳል። ሦስተኛው ጡረተኛው ነው፤ በፈቃዱ የሚጠብቀው። ይህኛው ሰፋ ያለ ምርመራ ይገባዋል።

ጡረተኛው ጠባቂ ቁርሱን እንደበላ ይወጣል። መሣሪያዎቹ፦ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ጋቢ፣ ትንሽ ራዲዮ፣ ረጅም ሸምበቆ፣ ዓይን ላይ የሚደፋ ባርኔጣ። ከወንበሩ እስከ ስጡ ማዶ እንጨት ድረስ ሲባጎ ይወጠራል፤ ሲባጎው ላይ ጠጠር የገባባቸው የቲማቲም ጣሳዎች ይንጠለጠላሉ፤ ጫፉ ከእጁ ወይም፣ ወደ ረፋዱ ላይ፣ ከእግሩ አውራ ጣት ጋር ይታሰራል። ሐሳቡ፣ ወፍ ሲመጣ ሲባጎው ይሳባል፣ ጣሳው ይንኳኳል፣ ወፉ ይሸሻል የሚል ነው። በመጀመሪያው ቀን ይሠራል። በሁለተኛው ቀን ድንቢጦች ሲባጎው ላይ ተሰልፈው ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ቀን የሚሆነው ይህ ነው፦ ጡረተኛው በእንቅልፍ ልቡ እግሩን ሲያጥፍ ጣሳው ይንኳኳል፣ እሱ ብንን ብሎ «ማነው?» ይላል፣ ድንቢጦቹም ከስጡ ቀና ብለው ያዩታል። (በአንዳንድ ግቢ በጣሳ ፈንታ የአሮጌ ካሴት ክር ይወጠራል፤ በነፋስ እያፏጨ ያብለጨልጫል። ወፎቹ ዘፈንም ቢሆን መዝሙር እኩል ለምደውታል።)

ዋናው መሣሪያ ግን «እሽ!» ነው። የጡረተኛው እሽ አራት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ቁም እሽ ነው፤ ከወንበር ተነሥቶ፣ ሸምበቆ አንሥቶ፣ ሙሉ ድምፅ አውጥቶ የሚባል። ወፉን እስከ ጎረቤት ጣሪያ ያደርሰዋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ አይገኝም። ሁለተኛው ተቀማጭ እሽ ነው፤ በእጅ ውርወራ የታጀበ፣ እጁ ግን ባዶ የሆነ። ወፉ እስከ አጥሩ ይሄዳል፤ ለይሉኝታ ያህል። ሦስተኛው የጋቢ ውስጥ እሽ ይባላል። ከጋቢው ሥር «ሽሽሽ» የሚል ነገር ይሰማል፤ እሽ ይሁን ማንኮራፋት ለመለየት እጅግ ቀርቤ አዳምጫለሁ፣ ሲተነፍስ ወደ ውጭ ከሆነ እሽ፣ ወደ ውስጥ ከሆነ እንቅልፍ ነው ከሚል ግምት ያለፈ አልደረስኩም። አራተኛው የሐሳብ እሽ ነው፤ ጠባቂው እሽ ሊል አስቧል፤ ማሰቡን ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው ደረጃ በቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ክርክር ያስነሣል፦

«ኧረ ወፉ ጨረሰው፤ እሽ አይሉም እንዴ?»

«እያልኩ ነው።»

«ለማን?»

«ለሁሉም።»

«እኔ ምንም አልሰማሁ።»

«እነሱ ሰምተዋል።»

ጡረተኛውን ሰነፍ ነው ማለት ግን ችኩልነት ነው። ከራሱ በላይ፣ ኮኩ ዛፍ ላይ፣ ጭራቸው የረዘመ ግራጫ ወፎች በዚያች ሰዓት ቅርንጫፉን ጨብጠው፣ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተንጠልጥለዋል። ቅጠል ስለሚበሉ ሙቀቱ የበሉትን ለመፍጨት ያግዛቸዋል። ታችኛውም የጠዋት ጨጨብሳውን እንዲሁ ባለ አኳኋን ሲያብላላ፣ ጋቢ ቁልፍም ማሠሪያም የሌለው ልብስ መሆኑ በዚህ ሰዓት እንዴት እንደሚጠቅም ይታያል፤ ሆድ በኩል በቀላሉ ይከፈታል። ከላይና ከታች ያሉት ሁለቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን «እሽ» ሲል አልሰማሁም። ሦስት ወር ብርድና ጭቃ አሳልፎ ይህችን ፀሐይ ያገኘ ፍጡር ሁሉ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ዝም ብሎ ደጅ የተቀመጠ ሽማግሌ «ምን ነካው?» ይባላል፣ ስጥ አጠገብ የተቀመጠ ግን ሥራ ላይ ነው። አንዳንድ ሽማግሌ ስጡ ደርቆ ከተነሣ በኋላ «ትንሽ እርጥበት አለው መሰለኝ፤ ነገም ይሰጣ» ሲል የሰማሁት ለዚህ ነው። ሚስቱም ስንዴውን ከጥርሷ ከትታ «ቀጭ» ስታደርገው፣ ደረቅ እንደሆነ ታውቃለች። ነገም ይሰጣል።

የጎደለው እህል ሒሳብ እጅግ ቀላል ነው። ምሽት ላይ ስጡ ሲሰበሰብ በቁና ከወጣው ያነሰ ይገባል። ልጁ በኪሱ የወሰደው፣ ጎረቤቷ ስታወራ ያላመጠችው፣ ጡረተኛው አልፎ አልፎ እጁን ሰዶ «ደረቀ ወይ» ብሎ የቀመሰው፣ አጥኚው ለናሙና የወሰደው፣ ሁሉም በአንድ ዓምድ ሥር ይገባል፦ ወፍ በላው። በዚህች ከተማ ድንቢጥን ያህል የሌላውን ዕዳ የተሸከመ የለም።

ሌሎች ምድቦችም ነበሩ፤ ጉንዳን፣ ፍየል፣ ድንገት የሚመጣ የመስከረም ዝናብና «ስጥ አንሡ!» የሚለው ጩኸት፣ በዚያ ጩኸት የተኳረፉ ጎረቤቶች የአንዱን ባነር ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲሮጡ የሚታየው ነገር። ትቻቸዋለሁ፤ ግቢ ያለው ሰው እያነሰ ስለሆነ ጊዜውን ለኮንዶሚኒየም ስጥ መስጠት ይሻላል።

ባለ አራት ፎቁ ብሎክ አሳንሰር የለውም። ሰፊው ፀሐይ ግን ከታች፣ በኮሚናሉና በመኪና ማቆሚያው መካከል ነው። ስለዚህ ስጡ ምድር ላይ፣ ጠባቂዋ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ይሆናሉ። እትዬ ቡና እየቆሉ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «እሽ!» ይላሉ። እሹ ሲወርድ ሦስተኛ ፎቅ የተኛው ሕፃን ይነቃል፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴት «አቤት እትዬ!» ብላ ትወጣለች፤ አንደኛ ፎቅ መጋረጃ ይዘጋል፤ ከታች መኪና የሚያጥበው ልጅ ለእሱ የተባለ መስሎት ባልዲውን አንሥቶ ፈቀቅ ይላል። ድንቢጦቹ ወደ ላይ አንጋጠው ያያሉ። ከአራተኛ ፎቅ በእግር ለመውረድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያውቁታልና፣ ከስንዴው ወደ ብቅሉ ይዛወራሉ።