ቤዝመንትዎ ማፍሰሱን እንዳያቆም

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ገዝተው፣ ቤዝመንቱን ለተከራይ ወይም ከአገር ቤት ለሚመጡት እናትዎ አሰናድተው፣ አንድ ሌሊት የጣለ ዝናብ ምንጣፉን አርሶት አደረ እንበል። ውሃው በየዓመቱ እንዲመለስ ከፈለጉ ትልቁ ነገር ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ ነው።

ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ውጭ አይውጡ። ከወጡ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው በጠርዙ ሲንዠቀዠቅ፣ መውረጃ ቱቦውም እግረ ግድግዳው ላይ ሲያራግፍ ያያሉ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,500 ሊትር ውሃ ነው። ያ ሁሉ መሠረቱ አጠገብ ሲጠራቀም በስንጥቁና ወለሉ ከግድግዳው በሚጋጠምበት መስመር እየገፋ ይገባል። አሸንዳውን ቢጠርጉ፣ ቱቦውን ቢያስረዝሙ፣ አፈሩን በ3 ሜትር ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ቢሞሉት፣ ኮንትራክተር ሳያስፈልግዎ ሊቀር ይችላል። በዚህ ብቻ የደረቀ ቤት ብዙ ነው። ይህን እያወቁ ዝም ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ቀጥለው መጀመሪያ የደወሉለትን ሰው ያስገቡ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዋጋ አይጠይቁ። ግድግዳውን ለክቶ፣ የቤቱን ዙሪያ አንዴም ሳይዞር፣ «ይህ ዋጋ የዛሬ ብቻ ነው» ካለዎት ወዲያው ይፈርሙ። ቤትዎ ድረስ መጥቶ ያስፈረመዎትን ውል በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ መሰረዝ እንዲችሉ የፌዴራል ደንብ መብት ይሰጥዎታል፤ ቀኖቹ ይለፉ።

በሰው በሰው የመጣ ያገር ልጅ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን መጠየቅ ነውር ነው ብለው ይተዉት፤ ገንዘቡንም ሙሉውን በጥሬው ያስረክቡት። የሜሪላንድ ሕግ የቤት እድሳት ኮንትራክተር ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ውል ሲፈረምም ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ እንዳይቀበል ይከለክላል። ሥራው ሲበላሽ የሚክስ የግዛቱ ፈንድም አለ፤ የሚከፍለው ግን ባለፈቃድ ኮንትራክተር ላበላሸው ብቻ ነው። ለቤቱ ዓመታት ሁለት ሥራ የሠራ ሰው ይህን ሳያውቅ ሲቀር ያሳዝናል።

ግድግዳው ላይ የወጣውን ነጭ ዱቄት ጠርገው ውሃ አያስገባም የተባለውን ቀለም ያስቀቡበት። ዱቄቱ ውሃ በሲሚንቶው ውስጥ አልፎ ሲደርቅ የተወው ጨው ነው። ውሃው ከጀርባ እየገፋ ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ በጣት ሲነኩት በቅርፊት በቅርፊት ይረግፋል። ከኋላውም ሻጋታ ይከተላል፤ አስም ያለበት ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት ይተኛል?

ውሉ ላይ «ውሃ እንዳይገባ ይሠራል» የሚል አንድ መስመር ይብቃዎት። ከወለሉ ስር የሚቀበረው ቱቦ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የተሰበሰበውን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ የት እንደሚደፋው አይጻፍ። ግድግዳው ስር ከደፋው ያው ውሃ ተመልሶ ይገባል። ለፓምፑ መጠባበቂያ ባትሪም አያስጨምሩ፤ መብራት የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያው ማዕበል መሃል ነው።

«የዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚለውንም ወረቀት ሳያነቡ ያስቀምጡት። ዋስትናው ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የተሠራውን ግድግዳ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዝናብ ውሃው በጎን ባለው ግድግዳ ሲገባ ደውለው ይጠይቁ፤ አዲስ ሥራ ነው ተብሎ አዲስ ዋጋ ይላክልዎታል።